የድሮ የፎራም ቆጠራና የአሁኑ ስም አልገጥም አለኝ፤ ዝም ብሎ መተካት ይቻላል?

ሄለን_ጂኦ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደለል ላይ የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር እንድታግዙኝ ነው። ለማስተርስ ጽሑፌ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በወጡ ኮሮች (ከባሕር ወለል ቀጥ ብለው የተወጉ የደለል ናሙናዎች) ላይ የታተሙ የተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራ (ባጭሩ ፎራም፣ ቅርፊት ያላቸው ጥቃቅን ባለ አንድ ሴል የባሕር ፍጥረታት) ቆጠራዎችን እያሰባሰብኩ ነው። ገሚሱ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የታተመ ነው፣ ገሚሱ ከ2015 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)።

ችግሩ ስሞቹ ናቸው። በድሮዎቹ ግሎቢጀሪኖይዲስ ሳኩሊፈር የሚለው በአዲሶቹ ትሪሎባተስ ሳኩሊፈር ሆኗል። አንዱ ጸሐፊ ትሪሎባ፣ ኳድሪሎባተስ፣ ሳኩሊፈር ብሎ ለሦስት ከፍሎ ይቆጥራል፣ ሌላው ሁሉንም በአንድ ይጠቀልላል። ግሎቢጀሪኔላ ኤኩዊላተራሊስ ትባል የነበረችው አሁን ሲፎኒፈራ ናት። ሩበርን ደግሞ አንዳንዱ ነጭና ሮዝ ብሎ ይለያል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ሩበር ይላል፣ አዲሶቹ ላይ ጭራሽ ኤሎንጋተስ የሚባል ተጨምሯል። ሁሉንም እንዳለ ኤክሴል ላይ ሳስገባው የዝርያው ብዛት ከ2015 በኋላ ድንገት የጨመረ ይመስላል። ባሕሩ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፣ የተለወጠው ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የድሮውን ስም በአዲሱ ብተካ የማበላሸው ነገር አለ? ደግሞስ ከመጀመሪያው ለምንድነው የሚቀያይሩት? አብሮኝ የሚማር ልጅ "ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ስም ከዝርያው ጎን ለማስጻፍ ነው" ይለኛል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

የባሕር_ጭቃ፦

ሄለን፣ በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ አንዳንዱን አዎ፣ አንዳንዱን በፍጹም ነው። ቁም ነገሩ የተቀየረው ምኑ ነው የሚለው ላይ ነው፦ ዝርያዋ የተመደበችበት ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚሰባሰቡበት ወገን፣ የስሙ የመጀመሪያ ቃል) ብቻ ነው የተቀየረው፣ ወይስ የዝርያዋ ወሰን ራሱ?

መጀመሪያ ለጓደኛሽ መልስ ልስጥ። ፎራሞች የሚሰየሙት በእንስሳት ስያሜ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ አንድ ዝርያ ከአንድ ጂነስ ወደ ሌላ ሲዛወር ያዛወረው ሰው ስም ከዝርያው ጎን አይጻፍም። የሚጻፈው መጀመሪያ የሰየመው ሰው ነው፣ ጂነሱ መቀየሩን ለማሳየት ደግሞ ስሙ በቅንፍ ይገባል። ትሪሎባተስ ሳኩሊፈር (ብሬዲ፣ 1877) የሚለውን እዪ። ብሬዲ ሲሰይማት ግሎቢጀሪና ሳኩሊፈራ ነበር ያላት። ከዚያ ወደ ግሎቢጀሪኖይዲስ ሄደች፣ አሁን ትሪሎባተስ ውስጥ ናት፣ ቅንፉ ውስጥ ያለው ግን እስከ ዛሬ ብሬዲ ነው። ግሎቢጀሪና ቡሎይዲስ ዶርቢኒ፣ 1826 የሚለው ላይ ደግሞ ቅንፍ የለም፣ ምክንያቱም ዛሬም ያለችው መጀመሪያ በተሰየመችበት ጂነስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝርዝር ስታነቢ ቅንፎቹን ልብ በያቸው፣ የትኛዋ እንደተዛወረች ወዲያው ይነግሩሻል።

ታዲያ ሳኩሊፈር ለምን ተዛወረች? ኩሽማን በ1927 ግሎቢጀሪኖይዲስን ሲመሠርት ዋናው መለያ ከዋናው አፍ ሌላ በጀርባ በኩል ተጨማሪ ቀዳዳዎች መኖራቸው ነበር። የጂነሱ መሠረት ያደረጋት ዝርያ ሩበር ናት። ከዚያ በኋላ ጀርባው ላይ ቀዳዳ ያለው ሁሉ እዚያ ተከማቸ። በ2015 ስፔዛፌሪና ባልደረቦቿ በንብርብር ተከታትለው የሚገኙትን ቅሪተ አካላትና የዛሬዎቹን ዲኤንኤ አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ፣ የሩበር መስመርና የሳኩሊፈር መስመር ከተለያየ አያት የወረዱ ሆነው ተገኙ። ቀዳዳዎቹን ያወጡት ለየብቻቸው ነው። የጂነስ ስም መሠረት የሆነችውን ዝርያ ስለሚከተል ግሎቢጀሪኖይዲስ ከሩበር ጋር ቀረ። ለእነ ሳኩሊፈር አዲስ ጂነስ አስፈለገ፣ ትሪሎባተስ ተባለ።

ይህን በማይክሮስኮፕ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ሩበርን በሆዷ በኩል አዙሪያት። ዋናው አፍ ቀስት ሠርቶ ከእሱ በፊት በተሠሩት ሁለት ክፍሎች (የቅርፊቷ ጓዳዎች) መጋጠሚያ ላይ ልክ መሐል ለመሐል ይቀመጣል። አሁን ከሳኩሊፈር ወገን ትሪሎባን አንሺ። አፏ ከመጨረሻው ክፍል ሥር የተዘረጋ ዝቅ ያለ ስንጥቅ ነው፣ ያ የመጨረሻ ክፍል ብቻውን ከሌሎቹ ድምር ይበልጣል። ግድግዳዋን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካየሽው እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ነው። አንዴ ዓይንሽ ከለመደ አትስቻቸውም።

እንዲህ ያለው ለውጥ ላይ ስሙን ተኪና እለፊ። በ1978 የታተመ ሠንጠረዥ ላይ ሳኩሊፈር 30 በመቶ ከሆነች፣ ትሪሎባተስ ስትባልም 30 በመቶ ናት። ኤኩዊላተራሊስም ያው ነው። ዶርቢኒ በ1839 ሲፎኒፈራ ብሎ የሰየማትን ብሬዲ በ1879 በሌላ ስም ሰየማት፣ ሁለቱ አንድ ናቸው ከተባለ የቀደመው ስም ይጸናል።

የሚያስቸግረው ወሰኑ የተነካ ዝርያ ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ከቀዝቃዛው ባሕር የመጣ ነው። ኒዮግሎቦኳድሪና ፓኪደርማ ወደ ግራ የምትጠመዘዝም ወደ ቀኝ የምትጠመዘዝም አለች። ለብዙ ዓመታት ይህ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ልዩነት ነው፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ ወደ ግራ፣ ሲሞቅ ወደ ቀኝ ትዞራለች ተብሎ ነበር የሚታመነው። የሰሜን አትላንቲክን የጥንት ሙቀት ሲለኩ የግራና የቀኙን ጥምርታ ይወስዱ ነበር። ዲኤንኤው ሲመረመር ግን ሁለቱ ጠመዝማዛዎች የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ወጡ። ዳርሊንግና ባልደረቦቿ በ2006 ወደ ቀኝ የምትዞረው ሲፌሊ በ1961 በሰየማት ስም ኢንኮምፕታ እንድትባል፣ የግራዋ ፓኪደርማ ሆና እንድትቀር አደረጉ። ሁለቱም ግን አልፎ አልፎ በተቃራኒው የሚዞር ይወልዳሉ፣ ከ3 በመቶ በታች። ስለዚህ ከዋልታ አካባቢ በመጣ ናሙና ውስጥ 2 በመቶ የቀኝ ፓኪደርማ ካገኘሽ ኢንኮምፕታ ብለሽ ልትተኪው አትችዪም። እዚያ ያለችው ያችው ፓኪደርማ ናት። ከመሐል አትላንቲክ በመጣ ናሙና ውስጥ 40 በመቶ ከሆነ ደግሞ ኢንኮምፕታ ናት። ስሙ አንድ ዓይነት፣ መልሱ ሁለት ዓይነት። ቦታውን ሳታዪ በጅምላ የሚተካ ትእዛዝ ኤክሴል ላይ ብትሰጪ የምታበላሺው እንዲህ ነው።

አንቺ ዘንድ ይህ ችግር ያለው ሩበር ላይ ነው። ከ2011 ወዲህ ዲኤንኤው ሲታይ ነጭ ሩበር ተብሎ በአንድ ይቆጠር ከነበረው ውስጥ ገሚሱ ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚያኛው አዲስ ስም አላወጡም፣ ዶርቢኒ በ1826 ያወጣውን ኤሎንጋተስን ነው ያስነሱት። የመጨረሻው ክፍሏ ከላይ የተጨፈለቀ፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ አፏ ጠበብ ያለ ናት። እውነተኛዋ ሩበር ክፍሎቿ ክብ፣ አፏ ሰፊ ነው። በ1980 ነጭ ሩበር ብሎ የቆጠረ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ቆጥሯል፣ ሥራው ደግሞ በጊዜው ትክክል ነበር። አንቺ ያንን ከሠንጠረዡ ላይ መለየት አትችዪም። ስላይዱ (የተቆጠሩት ቅርፊቶች የተቀመጡበት) ካለ ስላይዱን ማየት ነው፣ ከሌለ ግን ከአዲሶቹ ሠንጠረዦች ሩበርንና ኤሎንጋተስን ደምረሽ ከድሮው ጋር አመሳስዪ። ወደ ሰፊው ክምችት መደመር ሁልጊዜ ይቻላል። ከድምር መልሶ መለየት ግን አይቻልም።

ዮኒ_ኤይላት፦

ሰላም ሄለን። እኔ እስራኤል ነው ያለሁት፣ ከኤይላት ባሕረ ሰላጤ የወጣ ደለል ላይ እሠራለሁ፤ ያው የቀይ ባሕር ጫፍ ማለት ነው። የባሕር_ጭቃ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ እነ ትሪሎባ፣ ኳድሪሎባተስ፣ ሳኩሊፈር። እነዚህ የተገላቢጦሽ ናቸው። በ2013 አንድሬና ባልደረቦቿ ከተለያዩ ውቅያኖሶች የተያዙትን ሲመረምሩ በመልክ ለአራት የሚከፈሉት በዲኤንኤ አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። ከረጢት የመሰለው የሳኩሊፈር የመጨረሻ ክፍል በሕይወቷ መጨረሻ፣ ከመራባቷ በፊት የምትሠራው ነው፤ ሁሉም ግን አይሠሩትም። ስለዚህ ላለፉት ጥቂት መቶ ሺህ ዓመታት ደለል ሦስቱን ዓምዶች መደመር ትችያለሽ። የድሮዎቹን ዓምዶች ግን እንዳታጠፊያቸው። ከረጢት ያላቸውና የሌላቸው መጠን ከንብርብር ንብርብር መቀያየሩ ራሱ መረጃ ነው።

ወደ ሚዮሲን (ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ወደነበረው ዘመን) ከወረድሽ ግን አትደምሪ። እዚያ ትሪሎባ ከሳኩሊፈር ቀድማ ትመጣለች፣ ከዚያው መስመር ላይ በፕሪኦርቡሊና በኩል ኦርቡሊና ትወጣለች፣ ያ ቅደም ተከተል ነው ንብርብሩን የሚያስቆጥርሽ። ስፔዛፌሪ በጂነሱ ውስጥ ስሞቹን ለየብቻ ያቆየቻቸው ለዚህ ነው። ደግሞ አንድ ላይ ስትጠቀልያቸው ስሙ ማን ይሁን የሚል ጥያቄ ይመጣል። በሕጉ ቀዳሚው ኳድሪሎባታ ነው፣ ዶርቢኒ ከቪየና አካባቢ በ1846 የሰየመው፣ ሳኩሊፈራ 1877 ነው። ሆኖም የዛሬዋን ሕያው ዝርያ የሚያጠናው ሰው በብዛት ሳኩሊፈር ነው የሚላት። አንቺም ሳኩሊፈር በያትና የትኞቹን እንዳካተትሽ በዘዴው ክፍል ላይ በግልጽ ጻፊ።

ሁለተኛውና ሰው የሚረሳው ወንፊቱ ነው። የድሮው ሰው ምናልባት ከ150 ማይክሮን በላይ ያለውን ቆጥሯል፣ አዲሱ ከ125 በላይ፣ ሌላው ከ63 በላይ። ግሉቲናታን የመሰሉ ትናንሾች በትልቁ ወንፊት ሾልከው ይወድቃሉ። ስሙን ሁሉ አስተካክለሽ ወንፊቱን ካላየሽ ያገኘሽው ልዩነት የባሕሩ ሳይሆን የወንፊቱ ነው። ከስሙ በፊት እሱን አጣሪ፣ እባክሽ።

ቀይ ባሕር ላይ ስሞቹን በትክክል መለየት ለምን ያን ያህል እንደሚያስፈልግም ልንገርሽ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የባሕሩ ከፍታ 120 ሜትር ያህል ሲወርድ፣ ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ያለው የሐኒሽ መተላለፊያ ደግሞ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ቀይ ባሕር ከሕንድ ውቅያኖስ ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም ነበር። ጨዋማነቱ በጣም ስለጨመረ ተንሳፋፊ ፎራሞች ጭራሽ የጠፉበት ንብርብር አለ። በላቦራቶሪ እንደታየው ሩበር እስከ 49 ግራም በኪሎ ጨው ትችላለች፣ ሳኩሊፈር እስከ 47 ገደማ። ስለዚህ ኮሩን ወደ ላይ ስትከተይው ሳኩሊፈር ቀድማ ትጠፋለች፣ ሩበር ትቆያለች፣ ከዚያ እሷም። ሁለቱን ያምታታ ሰው የጨዋማነቱን ታሪክ ነው የሚያጣው።

ሙሉ_ዶሃ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በሌላ በኩል ነኝ። ዘይት ፍለጋ ላይ ነው የምሠራው፣ የጉድጓድ መዝገቦችን ስናነብ የአርባና የሃምሳ ዓመት ወረቀት ነው የምናገኘው። ግሎቦሮታሊያ ቬላስኮኤንሲስ ይላል፣ ግሎቦሮታሊያ ኩግለሪ ይላል፣ ሁላችንም ዕድሜያቸውን እናውቀዋለን፣ ሥራው ይሄዳል። አሁን አንዷ ሞሮዞቬላ፣ ሌላዋ ፓራግሎቦሮታሊያ ሆናለች። ዕድሜዋ አልተለወጠ፣ መልኳ አልተለወጠ። አዲስ የተቀጠረ ልጅ የድሮውን መዝገብ ሲያነብ ግራ ይገባዋል። ጂነሱን ለምን አይተዉትም? ለኛ የዝርያው ስም ይበቃል።

የባሕር_ጭቃ፦

ሙሉ፣ የምትለው ይገባኛል፣ ጉድጓድ ላይ ቆሞ ውሳኔ የሚጠበቅበት ሰው ጊዜ የለውም። ዕድሜ ለማወቅ ብቻ ከሆነ የዝርያው ስም ይበቃሃል፣ አልከራከርህም። ግሎቦሮታሊያ የሚለው ስም ግን ፓሊዮሲን (ዳይኖሰሮች ከጠፉ በኋላ የመጣው ዘመን) ውስጥ ሲጻፍ ያልነበረ ዝምድና ይናገራል።

ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዳይኖሰሮቹ በጠፉ ጊዜ፣ ተንሳፋፊ ፎራሞችም ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ትናንሽ ዝርያዎች ናቸው። ክሪቴሸስ (ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን) ውስጥ ዙሪያቸውን ወፍራም ጠርዝ የነበራቸው እነ ግሎቦትረንካና አንድም አልተረፉም። ፓሊዮሲን ውስጥ ሌላ ወገን እንደገና ጠርዝ አወጣ፣ እሱ ነው ሞሮዞቬላ። እሱም ጠፋ። ከዚያ ኒዮጂን (ከሚዮሲን የሚጀምረው ዘመን) ውስጥ ሦስተኛ ወገን እንደገና አወጣ፣ ዛሬ ባሕር ውስጥ የምናያት እውነተኛዋ ግሎቦሮታሊያ ናት። በብርሃን ማይክሮስኮፕ ቬላስኮኤንሲስንና የዛሬዎቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጥ ዘመድ ይመስሉሃል። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ግን ግድግዳው ታየ። የሞሮዞቬላ ግድግዳ በሾጣጣ ጉብታዎች የተሸፈነ ነው፣ የግሎቦሮታሊያ ለስላሳ ነው። ኩግለሪም ግድግዳዋ በቅርብ ሲታይ እሾህ የተተከለበት ትንንሽ ጉድጓድ ተገኝቶባታል፣ እውነተኛዎቹ ግሎቦሮታሊያዎች እሾህ የላቸውም።

ይህ ለአንተም ይጠቅማል። ጠርዝ ያለው ሁሉ ግሎቦሮታሊያ ከተባለ ጂነሱ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ ይመስላል፣ የዝርያው ስም ያልተነበበበት ወይም የተሰበረ ናሙና "የግሎቦሮታሊያ ዓይነት" ተብሎ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ምንም አይነግርህም። "የሞሮዞቬላ ዓይነት" ከተባለ ግን ከፓሊዮሲንና ከተከታዩ ከኢዮሲን እንደማይወጣ ታውቃለህ። አዲስ ለተቀጠረው ልጅ ደግሞ የፓሊዮሲን አትላስ በ1999፣ የኢዮሲኑ በ2006፣ የኦሊጎሲኑ በ2018 ወጥተዋል። የድሮውን ስም ሁሉ ከአሁኑ ጋር ከነፎቶው ይዘዋል። ማይክሮታክስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይም በነፃ ታገኘዋለህ።

ሙሉ_ዶሃ፦

የተሰበረ ናሙና ያልከው ገባኝ፣ እሱ በየቀኑ የሚገጥመን ነው። እሺ፣ መዝገቡ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስገባት ይሻላል።

ሄለን_ጂኦ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አሁን ሠንጠረዡን በሁለት ዓምድ አድርጌዋለሁ፣ አንዱ ጸሐፊው የጻፈው ስም እንዳለ፣ ሌላው አሁን ያለው ስም። ሦስተኛ ዓምድ ለወንፊቱ ጨምሬያለሁ።

አንድ ቀረኝ። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የወጣ አንድ የድሮ ኮር ላይ "ሩበር" ብቻ ነው የሚለው፣ ነጭ ይሁን ሮዝ አልተጻፈም። ሌሎቹ ይለያሉ። እሱን ልጣለው?

የባሕር_ጭቃ፦

እንዳትጥይው። ሮዟ ሩበር ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖስ ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ጠፍታለች፣ ዛሬ የቀረችው አትላንቲክ ውስጥ ብቻ ነው። ይህ በ1979 ታትሞ የወጣ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ለዕድሜ መለያ ይጠቀምበታል። የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሕንድ ውቅያኖስ አካል ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ባለው የኮሩ ክፍል ላይ ጸሐፊው ሩበር ካለ ነጭ ናት፤ በ2019 ሞራርድና ባልደረቦቹ ሩበር አልበስ ያሏት ከኤሎንጋተስ ጋር ተደባልቃ ማለት ነው። ያንን ክፍል "ነጭ ሩበርና ኤሎንጋተስ በአንድ" ብለሽ ተጠቀሚበት። ከ120 ሺህ በታች ያለውን ግን "ሩበር፣ ቀለም ያልተለየ" ብለሽ ለብቻ አስቀምጪው፣ ከነጩም ከሮዙም ጋር አትደምሪው። ኮሩ የኦክስጅን አይሶቶፕ መስመር (የጥንቱን ሙቀትና የበረዶ መጠን የሚያሳይ ልኬት) ካለው የመጨረሻው ሞቃታማ ዘመን የቱ ጋ እንደሆነ ከዚያ ላይ ታገኚዋለሽ፣ መቁረጫሽን እዚያ አድርጊ።

ዮኒ_ኤይላት፦

አንድ ነገር ብቻ፣ ቀለሙን ራስሽ ልታዪ ከሆነ። ሮዙ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። በጣም ከቆየ ደለል ውስጥ ነጭ መስሎ የሚታይ ሁሉ ነጭ አይደለም፣ የአፉን ስፋትና የክፍሎቹን ክብነት አብረሽ መዝግቢ።